መኪና፣ የሕዝብ ትራንስፖርት ወይስ ብስክሌት? በከተማ መጓጓዣን ስለመምረጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የከተማ ነዋሪ በየዕለቱ አማራጮቹን አመዛዝኖ ነው የሚወጣው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ጠዋት የመኪናውን ቁልፍ የሚያነሳ ሰው ከአውቶቡስና ከብስክሌት ጋር አወዳድሮ ሳይሆን ትናንት ያደረገውን እየደገመ ነው። ትክክለኛው ምርጫ የሚደረገው በብዙ ዓመታት ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ይኸውም ቤት ሲቀየር፣ አዲስ ሥራ ሲጀመር፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ መኪና ሲገዛ ወይም የነበረው መኪና ሲበላሽ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚመራው ልማድ ሲሆን፣ ልማድ ደግሞ አጠገቡ የተሻለ አማራጭ ቢፈጠርም ለማየት አይቸኩልም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ሠራተኞች ለሁለት ቀናት ሥራ ባቆሙበት ጊዜ የታየው ነው። ከጣቢያዎቹ ብዙዎቹ በመዘጋታቸው ተጓዦች ያልለመዱትን መስመር ለመሞከር ተገደዱ። ተመራማሪዎች በኋላ የኤሌክትሮኒክ ትኬቶችን መረጃ ሲመረምሩ፣ ከመደበኛ ተጓዦች መካከል 5 በመቶ ያህሉ አድማው ካበቃ በኋላም ወደ ቀድሞው መንገዳቸው እንዳልተመለሱ ተረዱ። እነዚህ ሰዎች የሚሻላቸው መንገድ እያለ፣ አስገዳጅ ምክንያት እስኪመጣ ድረስ ሳይሞክሩት ኖረዋል ማለት ነው። በአንድ መጓጓዣ ውስጥ መስመር መቀየር ይህን ያህል የሚዘገይ ከሆነ፣ ከመኪና ወደ ባቡር ወይም ወደ ብስክሌት መሻገር ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ከሦስቱ የሚፈጥነው የትኛው ነው?

መልሱ ጉዞው ከየት እስከ የት ይለካል በሚለው ላይ የተመሠረተ ነው። ተሽከርካሪው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ብቻ ከተለካ መኪና ብዙውን ጊዜ ያሸንፋል። ተጓዡን የሚመለከተው ግን ከቤቱ በር ወጥቶ መሥሪያ ቤቱ በር እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው፤ በዚህ መለኪያ ደግሞ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ መዞሩና ከማቆሚያው እስከ መድረሻው በእግር መሄዱ ይጨመርበታል፤ አውቶቡስም ወደ ፌርማታ መሄዱ፣ መጠበቁና ምናልባትም ወርዶ ሌላ መሳፈሩ ይታሰብበታል። ብስክሌት ከሁሉም ያነሰ ጭማሪ አለው፤ ከበር ተነሥቶ በር ላይ ይቆለፋል።

ስለዚህ በተጨናነቀ ከተማ ውስጥ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ጉዞ ብስክሌት ከመኪና ጋር እኩል መድረሱ ወይም መቅደሙ የተለመደ ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው፣ ይህም ብዙ የማያደክም ፍጥነት ነው፣ 5 ኪሎ ሜትሩን በ20 ደቂቃ ይጨርሳል። ከዚህም በላይ ትኩረት የሚገባው ይህ 20 ደቂቃ በሥራ መግቢያ ሰዓትም ሆነ በቀትር ብዙ የማይለዋወጥ መሆኑ ነው። ርቀቱ ከ8 ወይም ከ10 ኪሎ ሜትር ሲበልጥ የራሱ ሐዲድ ያለው ባቡር ወይም የራሱ መስመር የተከለለለት አውቶቡስ ይመረጣል። መኪና የማያጠራጥር ብልጫ የሚኖረው ከከተማው ዳር ወደ ሌላው ዳር በሚደረግ ጉዞ፣ ሌሊት፣ እንዲሁም ከባድ ዕቃ ሲኖር ነው።

በነገራችን ላይ፣ ፈጣን መጓጓዣ ሲገኝ ሰዎች ጊዜ ይቆጥባሉ የሚለው አስተሳሰብ ሁልጊዜ አይሠራም። የትራንስፖርት ተመራማሪው ያኮቭ ዛሃቪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ከዚያም ጣሊያናዊው የፊዚክስ ባለሙያ ቼዛሬ ማርኬቲ በ1994 እንዳሳዩት፣ በጣም የተለያዩ ከተሞች ነዋሪዎች በአማካይ ለጉዞ የሚያውሉት ጊዜ በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር የሚጨምረው የመኖሪያውና የሥራ ቦታው ርቀት ነው።

አውቶቡስ መጠበቅ ይህን ያህል የሚያማርረው ለምንድን ነው?

የትራንስፖርት ተመራማሪዎች ተጓዦች ጊዜያቸውን እንዴት እንደሚመዝኑ ለረዥም ጊዜ ሲያጠኑ ቆይተዋል። በተደጋጋሚ የሚገኘው ውጤት ፌርማታ ላይ ቆሞ የሚያልፍ አንድ ደቂቃ ተሽከርካሪ ውስጥ ተቀምጦ ከሚያልፍ ደቂቃ በእጥፍ ያህል እንደሚከብድ ያመለክታል። እየተንቀሳቀሰ ያለ ሰው ወደ መድረሻው እየቀረበ መሆኑን ያውቃል፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ግን የሚጠብቀው ነገር መምጣቱን እንኳ እርግጠኛ አይደለም። መጠለያ፣ መቀመጫና ቀጣዩ አውቶቡስ መቼ እንደሚደርስ የሚያሳይ ሰሌዳ የአውቶቡሱን ፍጥነት በአንዲት ሰኮንድ ሳይጨምሩ ጉዞውን የሚያቀሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ለምርጫ ወሳኙ ነገር ግን ድግግሞሽ ነው። አውቶቡስ በየ10 ደቂቃው በትክክል የሚመጣ ከሆነ፣ ሰዓት ሳያይ ፌርማታ የደረሰ ሰው በአማካይ የሚጠብቀው 5 ደቂቃ ነው። በየ30 ደቂቃው ከሆነ ግን ወይ የጊዜ ሰሌዳ ማጥናት ወይም 15 ደቂቃ መቆም ግድ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ መኪና ያለው ሰው ወደ መኪናው ይመለሳል።

በየ10 ደቂቃው የተላኩ አውቶቡሶች በየ10 ደቂቃው አለመድረሳቸውም ሌላ ችግር ነው። በአንድ ምክንያት ጥቂት የዘገየ አውቶቡስ በቀጣዩ ፌርማታ ላይ ከወትሮው የበዛ ሰው ይጠብቀዋል፤ ያን ሁሉ ሰው ሲያሳፍር ይበልጥ ይዘገያል፤ ከኋላው ያለው ደግሞ የሚያሳፍረው ሰው ስለሚያንስ እየፈጠነ ይደርስበታል። በመጨረሻ ሁለቱ ተከታትለው ይመጣሉ፤ አንዱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ሌላው ባዶውን። ተጓዡ ይህን የሾፌሮች ቸልተኝነት አድርጎ ይወስደዋል፤ ነገሩ ግን ማንም ሳያጠፋ በራሱ የሚፈጠር ነው። የሚቃለለውም አውቶቡሶችን ከመኪና መጨናነቅ የሚነጥል መስመር በመከለል፣ ከመሳፈር በፊት ትኬት በማስቆረጥና በሁሉም በር በማሳፈር ነው። በብራዚል የምትገኘው ኩሪቲባ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ፣ የኮሎምቢያዋ ቦጎታም ከ2000 ጀምሮ አውቶቡስን እንደ ባቡር እንዲያገለግል ያደረጉት በእነዚህ ዘዴዎች ነው።

የራሴ መኪና ካለኝ አውቶቡስ መሳፈር ተጨማሪ ወጪ አይሆንብኝም?

ይህ ጥያቄ መኪና ያላቸው ሰዎች እንዴት እንደሚያስቡ በትክክል ያሳያል። የመኪናው መግዣ ተከፍሏል፤ የኢንሹራንሱና የዓመት ግብሩም ተከፍሏል፤ ስለዚህ ለዛሬው ጉዞ የሚታየው ወጪ ነዳጅ ብቻ ነው። የአውቶቡስ ትኬት ግን እያንዳንዱ ጉዞ ላይ ሙሉ ዋጋውን ይዞ ይቀርባል። አንደኛው ወጪ አስቀድሞ ተከፍሎ የተረሳ፣ ሌላኛው በየዕለቱ ከኪስ የሚወጣ በመሆኑ ንጽጽሩ ከመነሻው ያጋደለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ በጀርመን የመኪና ባለቤቶች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ ባለቤቶቹ የነዳጅ ወጪያቸውን በአብዛኛው በትክክል ሲገምቱ፣ የመኪናቸውን አጠቃላይ ወጪ ግን ከእውነተኛው ግማሽ ያህል አድርገው ነበር የሚያስቡት። ከአእምሯቸው የወጣው ከሁሉም የሚከብደው፣ ማለትም መኪናው ባረጀ ቁጥር የሚያጣው ዋጋ፣ እንዲሁም ጥገናና ጎማ ነበር።

ለዛሬ ጠዋት ጉዞ ብቻ ከሆነ የጠያቂው ስሌት ስህተት የለበትም፤ መኪናው በር ላይ እስካለ ድረስ ነዳጁን ብቻ ማሰቡ ተገቢ ነው። ስህተት የሚሆነው ያንኑ ስሌት መኪና ልግዛ ወይስ አልግዛ ለሚለው ውሳኔ መጠቀም ነው። ለዚህ ውሳኔ የዓመቱን ጠቅላላ ወጪ፣ የዋጋ ቅናሹን ጨምሮ፣ በዓመቱ ለተደረጉት ጉዞዎች ማካፈል ያስፈልጋል፤ ውጤቱም ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ ነው።

ሰውን ከመኪና የሚያስወርደው የነዳጅ ዋጋ መናር ነው?

በተወሰነ ደረጃ አዎ፤ ነገር ግን በእኛ እምነት ከነዳጅ የበለጠ ኃይል ያለው በመድረሻው ላይ ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው። በነፃ የሚቆምበት ቦታ በእርግጥ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ስለ ሌላ አማራጭ የሚያስብበት ምክንያት የለውም፤ ቦታ ለመኖሩ እርግጠኛ ያልሆነ ወይም የሚከፍል ሰው ግን ከቤት ሳይወጣ ማሰብ ይጀምራል።

በቀን አንድ ሰዓት የሚነዳ መኪና 23 ሰዓት ቆሞ ይውላል፣ ያድራል። ሲቆም ደግሞ ቦታ ይፈልጋል፤ የመቆሚያው ሳጥን ብቻ 12 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ መግቢያና መዞሪያው ሲጨመር በተለየ ማቆሚያ ውስጥ ለአንድ መኪና የሚያስፈልገው ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ይህም ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ከሚሠራበት ቢሮ ድርሻው ይበልጣል። ያ መሬት ዋጋ አለው፤ ሾፌሩ ካልከፈለው በቤት ኪራይ፣ በሸቀጥ ዋጋ ወይም ለደመወዝ ሊውል በሚችል ገንዘብ ውስጥ ገብቶ ሌላው ሰው፣ በእግሩ የሚመጣውን ጨምሮ፣ ይከፍለዋል።

አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሹፕ በዚህ ጉዳይ ላይ ያደረጉት ጥናት ብዙ ያስተምራል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ለሠራተኞቻቸው ማቆሚያ እየተከራዩ በነፃ የሚሰጡ የተወሰኑ ቀጣሪዎች፣ ማቆሚያውን ለማይፈልግ ሠራተኛ ዋጋውን በጥሬ ገንዘብ እንዲሰጡት ተደነገገ። ሹፕ ሕጉን ተግባራዊ ያደረጉ 8 ድርጅቶችን ሲያጠኑ፣ ብቻውን እየነዳ የሚመጣው ሠራተኛ ድርሻ ከ76 በመቶ ወደ 63 በመቶ መውረዱን አረጋገጡ። አዲስ አውቶቡስ አልተገዛም፣ አዲስ መንገድም አልተሠራም፤ የተለወጠው ነገር ማቆሚያው ዋጋ እንዳለው መታየቱ ብቻ ነበር።

መንገዱ ቢሰፋ መጨናነቁ አይቀንስም?

ለጥቂት ጊዜ ይቀንሳል። ከዚያ ግን ሰዓታቸውን አሸጋሽገው የነበሩ ሰዎች ወደ ዋናው ሰዓት ይመለሳሉ፣ በሌላ ጎዳና ይሄዱ የነበሩ ወደ ሰፊው ይመጣሉ፣ በባቡር ይጓዙ የነበሩም መኪናቸውን ያነሳሉ። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ አንቶኒ ዳውንስ ይህን ክስተት እ.ኤ.አ. በ1962 ገልጸውታል። ዱራንቶንና ተርነር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ በአሜሪካ ከተሞች መኪኖች የሚጓዙት ጠቅላላ ርቀት ከመንገዱ ርዝመት ጋር እኩል በሚባል መጠን እንደሚያድግ አሳይተዋል።

በአንድ መስመር የሚያልፈውን ሰው ማስላትም ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። መብራት ባለበት የከተማ ጎዳና ላይ በአንድ መስመር በሰዓት 800 መኪኖች ቢያልፉና በእያንዳንዱ በአማካይ አንድ ሰው ተኩል ቢኖር የሚያልፈው 1,200 ሰው ነው። በዚያው መስመር በየደቂቃው 80 ሰው የጫነ አንድ አውቶቡስ ቢያልፍ 4,800 ሰው ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው ስንት መኪና ያልፋል ከሚለው ይልቅ ስንት ሰው ያልፋል የሚለው መሆን አለበት።

ወደ መሀል ከተማ ለሚገባ መኪና ክፍያ መጠየቅ ውጤት አለው?

ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1975፣ ለንደን በ2003 ጀምረውታል፤ በጣም የሚያስተምረው ግን የስቶክሆልም ነው። የስዊድን ዋና ከተማ ክፍያውን ከጃንዋሪ 2006 ጀምራ ለሰባት ወራት ያህል በሙከራ አስከፈለች፤ የክፍያውን ክልል የሚያቋርጠው ተሽከርካሪ 20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሙከራው ሲያበቃ ትራፊኩ ተመልሶ ጨመረ፤ እንዲህ ክፍያው በሥራ ላይ ያለበትና የሌለበት ጊዜ በግልጽ የሚወዳደርበት አጋጣሚ ብዙ አይገኝም። ነዋሪው በሕዝበ ውሳኔ ደግፎት ከኦገስት 2007 ጀምሮ ቋሚ ሆነ። ከሙከራው በፊት ብዙኃኑ ነዋሪ ተቃዋሚ ነበር፤ አስተያየቱን የለወጠው ክርክር ሳይሆን የተቃለለውን ጎዳና በዓይኑ ማየቱ ነው።

የሚነሣ ቅሬታም አለ። አማራጭ መጓጓዣ በሌለበት ከተማ እንዲህ ያለ ክፍያ መጣል ድሃውን ሾፌር ብቻ መቅጣት ይሆናል፤ ስቶክሆልምም ክፍያውን ከመጀመሯ በፊት አውቶቡሶች ጨምራ ነበር።

የሕዝብ ትራንስፖርት ነፃ ቢሆን ሰው መኪናውን ይተዋል?

ጥቂቱ ብቻ ነው የሚተወው። የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን እ.ኤ.አ. በ2013 ለነዋሪዎቿ ትራንስፖርትን ነፃ ስታደርግ የተሳፋሪው ቁጥር ጨምሯል፤ ነገር ግን ከአዲሶቹ ተሳፋሪዎች ብዙዎቹ ቀደም ሲል በእግራቸው ይሄዱ የነበሩ ናቸው። ሉክሰምበርግም በ2020 በመላ አገሪቱ ነፃ አድርጋዋለች። ነፃ መሆኑ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው፤ መኪና ያለውን ሰው ግን የሚያስቀረው ከትኬቱ ዋጋ ይልቅ መጠበቁ፣ መጨናነቁና መቀያየሩ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ለድግግሞሽ ቢውል የበለጠ ይስበዋል።

ብስክሌት መንዳት አደገኛ አይደለም?

አደጋው ከብስክሌቱ ሳይሆን አጠገቡ ከሚያልፈው ተሽከርካሪ ፍጥነትና ክብደት የሚመነጭ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትራፊክ አደጋ ይሞታሉ፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌት ነጂዎችና ሞተረኞች ናቸው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ30 ከሚሄደው በ2.8 እጥፍ ያህል የሚበልጥ የግጭት ጉልበት ይይዛል፤ በከተማ ውስጥ ፍጥነትን መገደብ የብስክሌት ነጂውን ሕይወት የሚነካው ለዚህ ነው።

ሰዎች ብስክሌት የማይመርጡበት ዋነኛ ምክንያት ፍርሃት መሆኑ በብዙ አገሮች በሚደረጉ መጠይቆች ይታያል፤ ፍርሃቱም ምክንያታዊ ነው። በቀለም ብቻ የተሠመረ መስመር አያስወግደውም። የስፔኗ ሴቪያ እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመኪናው መንገድ የተለየ፣ ሳይቆራረጥ የተያያዘ የብስክሌት መስመር በፍጥነት ስትዘረጋ፣ ከ1 በመቶ በታች የነበረው የብስክሌት ጉዞ ድርሻ ወደ 6 በመቶ ገደማ አደገ። ከተማዋ ሞቃት ናት፣ የብስክሌት ባህልም አልነበራትም፤ ወሳኙ መስመሩ የተያያዘ መሆኑ ነበር። ዘጠኝ አስተማማኝ ክፍል ያለው መንገድ አሥረኛው ላይ አደገኛ መገናኛ ካለበት፣ ብዙ ሰው የሚወስነው በአሥረኛው ነው።

ኔዘርላንድስም ከጥንት ጀምሮ ለብስክሌት የተመቸች አገር ተደርጋ ስትታሰብ ታሪኳ ይዘነጋል። እ.ኤ.አ. በ1971 በዚያች አገር 3,300 ያህል ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሞተዋል፤ ከእነርሱም ከ400 በላይ ሕፃናት ነበሩ። ዛሬ ከአጠቃላይ ጉዞ ከአንድ አራተኛ በላይ በብስክሌት የሚደረገው፣ ወላጆች አደባባይ ወጥተው ከተቃወሙና የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ከመጣ በኋላ መንግሥት የመንገዱን አሠራር ስለለወጠ ነው። የብስክሌት ነጂ ቁጥር ሲበዛ ሾፌሮችም እነርሱን መጠበቅ ይለምዳሉ፤ ፒተር ጃኮብሰን በ2003 ባወጡት ጥናት መሠረት የነጂው ቁጥር በእጥፍ ሲያድግ የእያንዳንዱ ሰው የአደጋ ዕድል በሲሶ ያህል ይቀንሳል።

ለሚጀምር ሰው ሁለት ነገሮችን መናገር ይበቃል። ከቆሙ መኪኖች ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ፤ በሩ በድንገት ሊከፈት ይችላል። ሊታጠፍ በተዘጋጀ የጭነት መኪና ወይም አውቶቡስ ጎን ፈጽሞ አይቁሙ፤ ሾፌሩ አያይዎትም።

ዳገት፣ ዝናብና ላብስ?

ዳገት እውነተኛ እንቅፋት ነው፤ ማስላትም ይቻላል። ከነብስክሌቱ 85 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 100 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 83 ሺህ ጁል ያህል ጉልበት ያስፈልገዋል። ይህም በተለመደ ጉልበት፣ ማለትም በ100 ዋት ገደማ፣ ወደ 14 ደቂቃ የሚጠጋ ተጨማሪ ሥራ ነው። በሜዳ ላይ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል መጨመር እንደማለት ነው። በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት ይህን ያቃልላል፤ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ሞተሩ እስከ 250 ዋት ሲሆን ነጂው ፔዳል እየረገጠ እስከ 25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያግዛል። ላቡንም አብሮ ይቀንሳል፤ አሳሳቢዎቹ የመሣሪያው ዋጋና ስርቆት ናቸው።

ዝናብና ብርድ ከሚታሰበው ያነሰ ያስቀራሉ። ለረዥም ወራት በረዶ በሚለብሰው የፊንላንድ ከተማ ኡሉ ሰዎች ክረምቱን በብስክሌት ይጓዛሉ፤ ምክንያቱም የብስክሌት መስመሮቹ በረዶ ቶሎ ይጠረግላቸዋል።

በተበከለ አየር ውስጥ ብስክሌት መንዳት ጤናን አይጎዳም?

ብስክሌት ነጂ በጥልቀት ስለሚተነፍስ ብዙ አየር ያስገባል፤ በመኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰውም ቢሆን ከፊቱ ካለው መኪና የሚወጣውን ጭስ እየሳበ ስለሆነ ከብክለቱ አያመልጥም። የተደረጉት ስሌቶች በአብዛኞቹ ከተሞች የእንቅስቃሴው ጥቅም ከብክለቱ ጉዳት እንደሚበልጥ ያሳያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ወደ ሥራ በየዕለቱ 15 ደቂቃ መሄጃና 15 ደቂቃ መመለሻ በአምስት ቀን ይህን ይሞላል። የአስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ማማከርና ከዋና ጎዳና የራቀ መንገድ መምረጥ ይኖርበታል።

ልጅ ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ገበያ ገብቼ ነው ሥራ የምሄደው። እኔ መምረጥ እችላለሁ?

የሕዝብ ትራንስፖርት መስመሮች በአብዛኛው የተቀየሱት ጠዋት ከዳር ወደ መሀል፣ ማታ ከመሀል ወደ ዳር ለሚሄድ ሰው ነው። በመንገዱ ላይ ሦስትና አራት ቦታ የሚቆም ሰው፣ ብዙውን ጊዜም ሴት፣ በየማቆሚያው እንደገና መጠበቅና አንዳንዴም እንደገና መክፈል ይገጥመዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው መኪና ሲመርጥ ስንፍና አድርጎ ማየት ተገቢ አይደለም። ለተወሰነ ሰዓት ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚያቀያይር ትኬት ሸክሙን ያቀልላል። የተለየ መስመር ባለበት ከተማ ደግሞ ልጅና ዕቃ የሚጭን ብስክሌት ይህንኑ ሥራ በደንብ ይሠራል፤ በኔዘርላንድስ ሴቶች ከወንዶች ባላነሰ መጠን ብስክሌት ይጠቀማሉ። መስመር በሌለባቸው ከተሞች ነጂዎቹ በአብዛኛው ወጣት ወንዶች መሆናቸው የአማራጩን እጥረት የሚያሳይ ምልክት ነው።

የግድ አንዱን ብቻ መምረጥ አለብኝ?

የለብዎትም፤ ብስክሌትንና ባቡርን ማጣመር ብዙ ጊዜ ሁለቱን ለየብቻ ከመጠቀም ይሻላል። በእግር 10 ደቂቃ የሚሄድ ሰው 800 ሜትር ያህል ይርቃል፤ በብስክሌት 10 ደቂቃ ግን 2.5 ኪሎ ሜትር ያደርሳል። ርቀቱ በሦስት እጥፍ ሲጨምር ጣቢያው የሚያገለግለው አካባቢ ስፋት ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። በኔዘርላንድሷ ዩትሬክት ጣቢያ ሥር 12,500 ብስክሌት የሚይዝ ማቆሚያ የተገነባው ይህ ስሌት ስለገባቸው ነው። አስተማማኝ መቆለፊያ ከሌለ ግን ሐሳቡ አይሠራም።

በመጠይቅ ላይ «ባቡር ቢመጣ እሳፈራለሁ» የሚሉ ሰዎች ቃላቸውን ይጠብቃሉ?

ሁሉም አይደሉም፤ ስለዚህም ሰዎች ከሚሉት ይልቅ የሚያደርጉትን ማጥናት ይሻላል። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባርት የተባለው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1972 ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይፋዊው ትንበያ ከሠራተኛው 15 በመቶው ይሳፈርበታል የሚል ነበር። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ዳንኤል ማክፋደን ሰዎች በነበሩት አማራጮች ላይ ለጊዜና ለገንዘብ የሰጡትን ክብደት አስልተው 6.3 በመቶ ብለው ገመቱ፤ የሆነው 6.2 በመቶ ነው። ለዚህ የምርጫ ስሌት ዘዴ በ2000 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

የኤሌክትሪክ መኪና ብገዛ ጥያቄው አያበቃም?

ጭሱና የነዳጅ ወጪው ይቀንሳሉ። የሚይዘው ቦታ፣ በመጨናነቁ ውስጥ ያለው ድርሻና የመቆሚያ ፍላጎቱ ግን እንዳለ ይቀራል።

ታዲያ የእኔን ጉዞ እንዴት ላወዳድር?

ቤት ለመከራየት ወይም አዲስ ሥራ ለመጀመር ሲዘጋጁ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ጉዞውን በትክክለኛው ሰዓት ይሞክሩት፤ በእረፍት ቀን የሚደረግ ሙከራ ምንም አይነግርዎትም። አማካዩን ብቻ ሳይሆን ከሁሉም የከፋውን ቀን ይመዝግቡ፤ ምክንያቱም ላለማርፈድ ሲሉ ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት የሚወስነው የከፋው ቀን ነው። በአማካይ 35 ደቂቃ የሚፈጅና አንዳንዴ 70 የሚደርስ የመኪና ጉዞ፣ ዘወትር 45 ደቂቃ ከሚወስድ ባቡር የበለጠ ጊዜ ይወስድብዎታል።

መኪናዬን መሸጥ አለብኝ?

በአንድ ጊዜ መሸጥ የሚመከር አይደለም። ቤተሰቡ ሁለት መኪና ካለው ቀድሞ የሚታሰበው ሁለተኛው ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚነዳው ጥቂት ሆኖ ኢንሹራንሱና የዋጋ ቅናሹ ግን ከመጀመሪያው ብዙ አያንስም። አንድ ብቻ ካለ ለሁለት ወይም ለሦስት ወራት ሳይነኩት ይሞክሩና ያለ እርሱ በእርግጥ ያልሆነልዎትን ጉዞ ይጻፉ። ዝርዝሩ ላይ የሚቀሩት በወር አንድና ሁለት ጉዞዎች ከሆኑ፣ ለእነዚያ ታክሲ ወይም የኪራይ መኪና መጠቀም መኪናውን ዓመቱን ሙሉ ከማቆየት ይረክሳል። በየሳምንቱ የሚደጋገሙ ከሆኑ ግን መኪናው ይቆይ፤ ሌሎቹን ጉዞዎች በብስክሌት ወይም በባቡር ማድረግ አሁንም ይቻላል።